ምዕራፍ 9፦ ለገበያ የተለየ ቁጥር

አሜሪካ የሚኖር ብዙ ሐበሻ ደመወዙ በሚገባበት ዴቢት ካርድ ኢንተርኔት ላይም ይገዛል። የቤት ኪራዩም፣ ለቤተሰብ የሚላከውም ገንዘብ የሚወጣው ከዚያው ሂሳብ ነው። የዚያን ካርድ ቁጥር ላገኙት ሱቅ ሁሉ መስጠት ቢተዉ ደስ ይለኛል፤ ይህን ምዕራፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ሱቁ የታወቀና ታማኝ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። በ2018 ሌቦች ብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ላይ 22 መስመር ብቻ የሆነች ኮድ ሸጉጠው ነበር። መንገደኛው የካርዱን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና ከጀርባው ያለውን ባለሦስት አኃዝ ቁጥር አስገብቶ ሲከፍል መረጃው ለአየር መንገዱም ለሌቦቹም ይደርስ ነበር። ገጹ እውነተኛው ገጽ ነው፤ ቲኬቱም በትክክል ተቆርጧል። የቱንም ያህል ጠንቃቃ ሰው ቢሆን የሚጠረጥርበት ምልክት አልነበረም። አየር መንገዱ በ2020 20 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

ሕጉስ አይጠብቀንም? ይጠብቃል፤ ግን ካርዱን ሁሉ እኩል አይደለም። በአሜሪካ ክሬዲት ካርድዎ ያለፈቃድዎ ቢሠራበት በሕግ የሚጠየቁት ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ዴቢት ካርድዎ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ግን ነገሩን ባወቁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሳወቁ ኃላፊነትዎ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ባንኩ ጉዳዩን እስኪያጣራ ድረስ የጎደለው የራስዎ ገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም።

ቨርቹዋል ካርድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ባንክዎ ወይም አንድ የክፍያ ድርጅት ስልክዎ ላይ የሚያወጣልዎ የካርድ ቁጥር ነው፤ ፕላስቲክ የለውም። የራሱ ማብቂያ ቀንና የራሱ ምስጢር ቁጥር አለው። ሱቁ የሚያየው ይህን ብቻ ነው፤ ከኋላው ያለውን ሂሳብ የሚያውቀው ካርዱን ያወጣው ተቋም ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ለአንድ ግዢ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር መስጠት የጀመረው ገና በ2000 ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቆመው። ዛሬ ካፒታል ዋን ለክሬዲት ካርድ ደንበኞቹ ቨርቹዋል ካርድ ይሰጣል። አውሮፓ ላሉ ደግሞ ሬቮሉት ከእያንዳንዱ ክፍያ በኋላ ቁጥሩ የሚቀየር ካርድ አለው።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ገደቡን አስቀድመው ራስዎ መወሰንዎ ነው። የልጅዎ ጨዋታ በወር 10 ዶላር ያስከፍላል እንበል። አዲስ ካርድ ይክፈቱ፣ «የልጆች ጨዋታ» ብለው ይሰይሙት፣ ታክሱን አስበው ወርኃዊ ጣሪያውን 12 ዶላር ያድርጉት። መጀመሪያ ከተከፈለበት ሱቅ ውጭ እንዳይሠራ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው 60 ዶላር ልቁረጥ ቢል ክፍያው ውድቅ ይሆናል። ቁጥሩን የሰረቀም ሰው ሌላ ሱቅ ወስዶ አይገዛበትም።

በ«ነፃ ሙከራ» ስም ካርድ ለሚጠይቁ አገልግሎቶችም ይኸው ዘዴ ይሠራል። ነገር ግን ካርዱን መዝጋት ውልን ማፍረስ አይደለም። ደንበኝነትዎን በሥርዓቱ ይሰርዙ፣ ማረጋገጫውንም ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ዕዳው በስምዎ ሊቆጠር ይችላል።

የማይመችበትም ቦታ አለ። ሆቴሎችና መኪና አከራዮች መያዣ የሚቆርጡበት ፕላስቲክ ካርድ በእጅ ማየት ይፈልጋሉ። ለእናትዎ ቲኬት ሲቆርጡም አየር መንገዱ የተከፈለበትን ካርድ አሳዩኝ ሊል ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። በቴሌግራም «የተዘጋጀ ካርድ» ከሚሸጥልዎ ሰው ግን ጨርሶ አይግዙ፤ ቁጥሩን ሻጩም ያውቀዋል፣ ካርዱም የተከፈተው በማን ስም እንደሆነ አይታወቅም።

የገዙት ዕቃ የሚመለስ ከሆነ ገንዘቡ የሚመለሰው በከፈሉበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ተዘግቶ ከሆነ ገንዘቡ ሊዘገይና ደጋግመው ሊያስደውልዎ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ደርሶ የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ካርዱን ለጊዜው ያግዱት እንጂ አይዝጉት።