ማዋስ መስጠት አይደለም

በጋራዥ ወይም በብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። አንዱ ሠራተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ወይም ድሪል ይገዛል። ባልደረባው «አንዴ አውሰኝ» ሲለው ይሰጠዋል። ዕቃው በሦስተኛው ቀን ከሌላ ሰው እጅ ይገኛል፤ አለያም ጫፉ ተበልቶ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመለስም። ባለንብረቱ ቢጠይቅ «ስስታም» ይባላል፤ ዝም ቢል ደግሞ የዕለት እንጀራው ይጎድልበታል። ለመሆኑ ሸሪዓችን በዚህ ላይ ምን ይላል?

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ማዋስ የሚወደድ ተግባር መሆኑ አያጠያይቅም። ሱረቱል ማዑን በመጨረሻው አንቀጽ መገልገያ ዕቃን የሚከለክሉትን ይወቅሳል። ታላቁ ሶሐባ አብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ይህን ሲያብራሩ ሰዎች የሚዋዋሷቸውን እንደ ድስት፣ ባልዲና መጥረቢያ ያሉ ዕቃዎች ጠቅሰዋል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ «ሙስሊም በተጠየቀ ቁጥር ያለ አንዳች ቃል ማስረከብ አለበት» ማለት አይቻልም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ለሑነይን ዘመቻ ሲዘጋጁ ከሶፍዋን ኢብን ኡመያ የብረት ጥሩሮችን ጠየቁ። ያኔ ገና ያልሰለመው ሶፍዋን ዕቃው በጉልበት የሚወሰድበት እንደሆነ ፊት ለፊት ጠየቃቸው። እሳቸውም ውሰት መሆኑን፣ ዋስትናም እንዳለው አረጋገጡለት። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ከዘመቻው በኋላ ከጥሩሮቹ ከፊሎቹ ጎደሉ፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) የጎደለውን ይተኩለት እንደሆነ ጠየቁት። ሶፍዋን ግን እስልምና ልቡ ውስጥ ገብቶ ነበርና ካሳውን ተወው። ልብ እንበል! ባለንብረቱ መጠየቁ ነውር አልሆነበትም፤ የጎደለውንም ያነሱት የተዋሱት እንጂ ያዋሰው አልነበረም።

ዑለማዎቻችን በፊቅህ «ዓሪያ» የሚባለው ውሰት ሲጠፋ ስለሚከፈለው ካሳ ይለያያሉ። በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ የተዋሰው ሰው ቸልተኛ ባይሆንም ይተካል፤ በተፈቀደለት አገልግሎት ያለቀውን ግን አይጠየቅም። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ወሰን ካላለፈ ወይም ችላ ካላለ አይተካም። መሥሪያ ቤት ውስጥ የተለያየ መዝሀብ የሚከተሉ፣ ሙስሊም ያልሆኑም ባልደረቦች አብረው ስለሚሠሩ፣ አስቀድሞ መነጋገር ክርክርን ያስቀራል።

እንግዲህ ስናውስ ሦስት ነገር እንንገር፦ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ፣ ለሦስተኛ ሰውም እንዳይተላለፍ። ስንዋስ ደግሞ ባለቤቱ እስኪጠይቀን አንጠብቅ፤ የመመለሱ ድካም የእኛ ነው። ያለዚያ ዕቃ መሥራት የማይችል ሰው «ዛሬ እሠራበታለሁ» ቢል ንፉግ አይባልም፤ ማዋስ በመሠረቱ የሚወደድ እንጂ ግዴታ አይደለምና። ዝም ብሎ ሰጥቶ ቂም ከመያዝ፣ ተነጋግሮ ማዋስ ለዕቃውም ለወንድማማችነቱም ይበጃል።

ወላሁ አዕለም።