ኦክስጅን ሳያጥር «አጠረ» የሚል ሕዋስ፦ የኩላሊት ካንሰር ከየት ይነሳል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የሱረቱል አንዓምን 125ኛ አንቀጽ የቀራ ሰው የደረት መጥበብ ወደ ሰማይ ከመውጣት ጋር ተመሳስሎ መቅረቡን ያስታውሳል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ልብ ነው፤ የሕክምና መጽሐፍ ልናደርገው አይገባም። ምሳሌው ግን ለእኛ ለደገኞቹ ቅርብ ነው። ፎንቆም ሆሳዕናም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ያም ሆኖ ሳይታወቀን እንሮጣለን፣ እንማራለን፣ እንጾማለን። አላህ በሕዋሶቻችን ውስጥ ያደረገው ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲበላሽም እንዴት የኩላሊት ካንሰርን እንደሚያመጣ እንመልከት።

ጤነኛው ሥርዓት

በሕዋሶቻችን ውስጥ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው ትእዛዝ መስጠት ነው። ኦክስጅን ሲያጥር ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባና ለችግር ጊዜ የሚያስፈልጉ ጂኖችን ያስነሳል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጭ ያዛል፤ ሆርሞኑ የአጥንት መቅኒን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ይነግረዋል። አዳዲስ ደም ስሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል። ሕዋሱም ያለ ብዙ ኦክስጅን ስኳር እያቃጠለ እንዲቆይ ያደርጋል።

ሂፍ በየጊዜው ይመረታል፣ በየጊዜውም ይፈርሳል። ኦክስጅን በቂ ሲሆን አንድ ኢንዛይም ያንኑ ኦክስጅን ተጠቅሞ ሂፍ ላይ ምልክት ያደርጋል። ቪ.ኤች.ኤል. የሚባል ሌላ ፕሮቲን ምልክቱን ይለይና ሂፍን ይዞ እንዲፈርስ ያደርገዋል። በዚህ ሁኔታ የሂፍ ዕድሜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ምልክቱ አይደረግም፤ ሂፍ ይተርፋል፣ ይጠራቀማል፣ ማዘዝ ይጀምራል።

ይህን ምስጢር የፈቱት አሜሪካውያኑ ግሬግ ሴሜንዛና ዊልያም ኬሊን፣ እንግሊዛዊውም ፒተር ራትክሊፍ ናቸው። የሕክምና ኖቤል ተሸላሚነታቸው የተነገረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሰላም ኖቤል ማሸነፋቸው በተሰማበት በዚያው ሳምንት ነበር።

የአገራችን ደገኞች

ሥርዓቱ ከሰው ሰው፣ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ያልጠበቁትን ውጤት አገኙ። የሂሞግሎቢንም የኦክስጅንም መጠናቸው በባሕር ጠለል ደረጃ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይቀራረብ ነበር። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ግን ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ኋላ በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ ባሌ ከፍታዎች ከወጡ ጥቂት መቶ ዓመታት የሆናቸው ኦሮሞዎች ሂሞግሎቢናቸው ከሰሜኖቹ ከፍ እንደሚል አሳየ። ተመራማሪዎች በኢትዮጵያውያን ደገኞች ላይ ለውጥ ካዩባቸው ጂኖች መካከል ከሂፍ ሥርዓት ጋር የተያያዙ አሉበት።

ይህ ማለት ደጋ መኖር ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም። በደጋ ኦክስጅን በእውነት ያንሳል፤ ጠቋሚውም ያለውን ይናገራል። ችግሩ ጠቋሚው ራሱ ሲዋሽ ነው።

ጠቋሚው ሲበላሽ

የውሃ ሮቶን አስቡ። በውስጡ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች፤ ውሃው ሲጎድል ትወርድና ፓምፑ ይነሳል፣ ሲሞላ ትወጣና ፓምፑ ይቆማል። ኳሷ ታች ተጣብቃ ብትቀር ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ ፓምፑ መግፋቱን አያቆምም።

በብዛት የሚታየው የኩላሊት ካንሰር፣ «ጥርት ሕዋስ» የሚባለው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው። በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የቪ.ኤች.ኤል. ጂን በአንድ የኩላሊት ሕዋስ ውስጥ ሁለቱም ቅጂዎቹ ይበላሻሉ። ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ሂፍን የሚያፈርሰው አይገኝም። ሕዋሱ «አየር አጠረኝ» እያለ ደም ስር ይጠራል፣ ስኳር ይሰበስባል፣ ይባዛል። ዕጢው በደም ስር የተሞላ የሚሆነው፣ አንዳንድ ታማሚም ቀይ ደሙ ከመጠን በላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። ሙሉ ካንሰር እስኪሆን ሌሎች የጂን ጉዳቶችም ይጨመራሉ፤ የመጀመሪያው በር ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

በጥቂት ቤተሰቦች አንዱ የተበላሸ ቅጂ ከወላጅ ይወረሳል። ሕመሙ ፎን ሂፕል ሊንዳው ይባላል፤ ጂኑ የተገኘው በ1993 ነው። ቪ.ኤች.ኤል. የሚለው ስምም የመጣው ከዚህ ሕመም ነው።

ዕውቀቱ መድኃኒት ሆነ

ውሸቱ የት እንዳለ ሲታወቅ ሕክምናው መንገድ አገኘ። ከ2005 ጀምሮ ሶራፌኒብና ሱኒቲኒብ የተባሉ፣ የደም ስር ጥሪውን የሚያፍኑ እንክብሎች ተፈቀዱ። በ2021 ደግሞ ቤልዙቲፋን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ይህ በኩላሊት ካንሰር ዋናውን ጥፋት የሚሠራውን ሁለተኛውን የሂፍ ዓይነት በቀጥታ ይይዛል። ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ደም ማነስ መሆኑ አይገርምም። ሂፍ ዝም ሲል የኩላሊቱ ሆርሞንም ይቀንሳልና።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

እነዚህ መድኃኒቶች ውድ ናቸው፤ ለብዙው ቤተሰባችን ሩቅ ናቸው። ቅርብ ያለው ቶሎ መድረስ ነው። ካንሰሩ ከኩላሊት ሳይወጣ ከተገኘ ቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል፤ ሰውም በአንድ ጤነኛ ኩላሊት መኖር ይችላል። ስለዚህ፦

1. ሽንት ላይ ደም ከታየ፣ ባያምም፣ አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋም፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኢንፌክሽን ወይም ጠጠር ይሆናል፤ የሚለየው ግን የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ እንጂ ግምት አይደለም።

2. «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ብሎ ወራት ማሳለፍ ይቅር። እህቶች ደሙን ከወር አበባ ጋር እንዳያምታቱት፣ በሐያእ ምክንያትም እንዳይደብቁት። ለሐኪም መናገር ከሐያእ አያወጣም።

3. ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት አደጋውን ይጨምራሉ። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ የወላጆቻችንን ግፊት እናስለካ።

4. በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ የኩላሊት ዕጢ የያዘው ሰው ካለ ለሐኪም ይነገር።

ሩቅያና ዱዓ ከሆስፒታል ጋር አይጣሉም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም እንዳዘዙ፣ አላህም ለበሽታ መድኃኒት እንዳወረደ ተምረናል። ሰብርም ሕመምን ደብቆ መቀመጥ ማለት አይደለም፤ ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽርልን።

ወላሁ አዕለም።