በማረሚያ ቤት ለወጣቶች የሚሰጥ የእጅ ሙያ ትምህርትና የነጋዴው ድርሻ



በአገራችን ቀድሞ ወኅኒ ቤት ይባል የነበረው ስፍራ ዛሬ ማረሚያ ቤት ተብሎ ይጠራል። ስሙ የተለወጠው ዓላማውም እንዲለወጥ ታስቦ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት በእውነት መታረሙ የሚታወቀው በግቢው ውስጥ ሳለ ሳይሆን፥ ከበሩ ወጥቶ እንጀራውን በላቡ ማግኘት ሲጀምር ነው። እንጀራ የሚገኝበት ስፍራ ደግሞ ገበያው፥ ሱቁ፥ ጋራዡና የልብስ ስፌት ቤቱ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የዳኛና የዘበኛ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የነጋዴም ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን በየተራ እንመረምራለን። አንደኛ፥ የታሰረን ወጣት ሥራ ማሠራትና ሙያ ማስተማር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለተኛ፥ በእስረኛ እጅ የተሠራ ዕቃ ወደ ገበያ ሲወጣ ግብር ከፋዩን ነጋዴ ይጎዳል ወይ? ሦስተኛ፥ ሙያ የተማረው ወጣት በተፈታ ጊዜ ማን ይቀጥረዋል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ሥራ ማሠራትና ሙያ ማስተማር

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት፥ ኤልማይራ በተባለች ከተማ፥ በ1876 ለወጣት ጥፋተኞች የሚሆን ማረሚያ ተከፈተ። ይቀበል የነበረው ከ16 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያላቸውንና ለመጀመሪያ ጊዜ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸውን ወንዶች ነበር። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ዜቡሎን ብሮክዌይ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስረኞቹ የሚሠሩት ለሽያጭ የሚሆን ዕቃ ነበር። ነገር ግን የሠራተኞች ማኅበራትና የፋብሪካ ባለቤቶች «የእስረኛ ጉልበት ገበያችንን አበላሸብን» ብለው አቤቱታ ስላበዙ፥ ግዛቱ በ1888 ባወጣው ሕግ በመኪና ኃይል ለገበያ ማምረት በወኅኒ ቤቶች ተከለከለ።

የሥራ ክፍሎቹ በድንገት ጸጥ ባሉ ጊዜ አስተዳዳሪው የእጅ ሙያ ትምህርት ቤቱን አስፋፋ። በ1890ዎቹ ዓመታት ግንበኝነት፥ አናጢነት፥ የቧንቧ ሥራ፥ ልብስ ስፌትና የማተሚያ ቤት ሥራ የሚገኙባቸው ከ30 በላይ ሙያዎች ይሰጡ ነበር። ስለዚህ የነጋዴዎቹ አቤቱታ ሳይታሰብ ለትምህርቱ መስፋፋት ምክንያት ሆነ ማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጫማ ሶል ብቻ ሲያጣብቅ የኖረ ልጅ ብዙ ጫማ አውጥቶ ይሆናል፤ ጫማ ሰፊ ግን አልሆነም። ሙያ ማለት እግር መለካት፥ ቆዳ መምረጥ፥ መቁረጥ፥ መስፋት፥ የተበላሸውን መጠገን፥ ዋጋ ማውጣትና ደንበኛን በመልካም ቃል መሸኘት ነው። ከእነዚህ አንዱን ክፍል ብቻ የሚያውቅ ሰው በሌላው ፋብሪካ ካልሆነ በቀር በራሱ መቆም አይችልም።

ኤልማይራ በጎ ምሳሌ ብቻ አልነበረም። በ1894 የግዛቱ መርማሪዎች በዚያው ስፍራ ብርቱ ድብደባ ይፈጸም እንደ ነበር አረጋግጠዋል። ዱላ ባለበት የሥራ ክፍል ውስጥ ተማሪው የሚማረው መፍራትን እንጂ ሙያን አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት በ1955 በጄኔቭ የተሰናዳውንና በ2015 በኔልሰን ማንዴላ ስም የታደሰውን የእስረኞች አያያዝ ደንብ ሲያወጡ ይህንኑ አሳብ ጽፈውታል። ደንቡ ጠቃሚ ሙያ ሊቀስሙ ለሚችሉ እስረኞች፥ ይልቁንም ለወጣቶቹ፥ ትምህርት እንዲሰጥ ያዛል። ከዚህም በቀር በእስር ቤት ያለው አሠራር በተቻለ መጠን ውጭ ያለውን እንዲመስል፥ የእስረኛውም ትምህርት ለትርፍ ሲባል ወደ ኋላ እንዳይጣል ያስጠነቅቃል።

2ኛ. የነጋዴው አቤቱታ

የቤት ኪራይ፥ የመብራት፥ የደመ ወዝና የግብር ሒሳብ የሚከፍል ነጋዴ፥ ይህን ሁሉ ከማይከፍል የሥራ ክፍል ጋር በዋጋ ሲወዳደር መማረሩ አግባብ ነው። አቤቱታውን እንደ ክፋት መቁጠር አይገባም። ሆኖም መፍትሔው ወጣቱን ከሙያ መከልከል አይደለም።

አሜሪካኖች ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በ1929ና በ1935 በወጡ ሕጎች የእስረኛ ዕቃ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይሸጥ አጠበቡ። በ1979 ግን በር ከፈቱ፤ ይኸውም ለእስረኛው በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለው ደመ ወዝ እንዲከፈለው፥ ነጻ ሠራተኛም በእርሱ ምክንያት ከሥራው እንዳይወጣ በማድረግ ነው። እንግዲህ ጠቡ የተነሣው ከዋጋ ነበር፤ የተቃናውም በትክክለኛ ዋጋ ነው።

ወደ ውጭ አገር ዕቃ የምትልኩ አባላት በተለይ ልታስተውሉት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በአሜሪካ በ1930 የወጣው የቀረጥ ሕግ በእስረኛ ጉልበት የተሠራ የውጭ ዕቃ ወደ አገሩ እንዳይገባ ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ በገበያው እንዳይሸጥ ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡ የሚሠራው ከ2027 ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያ በ2003 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 29ኛ ስምምነትም፥ እስረኛ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ይሥራ እንጂ ለግል ሰው ወይም ለግል ኩባንያ በኪራይ እንዳይሰጥ ይደነግጋል።

በአገራችን ማረሚያ ቤቶች ሽመናና የእንጨት ሥራ የተለመዱ ናቸው። የጥበብ ልብስ በደላላ እጅ እየሰበሰበ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዕቃው ከየት እንደ መጣ ካልጠየቀ፥ ጭነቱ ወደብ ደርሶ ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ የማረሚያ ቤት ሥራ ለአገር ውስጥ ገበያ በስሙና በተገቢ ዋጋው ይሸጥ፤ ከውጭ ጭነት ጋር ግን አይቀላቀል።

3ኛ. ማን ይቀጥረዋል?

ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት፥ በእስር ቤት ትምህርት የተካፈሉት ካልተካፈሉት ይልቅ ተመልሰው የመታሰራቸው ነገር ከመቶው በ13 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለትምህርቱ የወጣ 1 ዶላርም በ3 ዓመት ውስጥ ለዳግመኛ እስር ይወጣ የነበረውን ከ4 እስከ 5 ዶላር እንደሚያድን ተሰልቷል። ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም።

ነገር ግን ሙያ የያዘ እጅ የሚቀበለው ሱቅ ካላገኘ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በእንግሊዝ አገር ከ1865 ጀምሮ የቆየ፥ በየከተማው በትንንሽ ሱቆች ጫማ የሚያድስና ቁልፍ የሚቀርጽ ቲምፕሰን የተባለ የቤተ ሰብ ድርጅት አለ። የድርጅቱ መሪ የነበሩት ጄምስ ቲምፕሰን በ2002 የወጣቶች እስር ቤት ሊጎበኙ በሄዱ ጊዜ፥ ግቢውን ዞሮ ያሳያቸው አንድ ወጣት እስረኛ በንቃቱና በአነጋገሩ ደስ ስላሰኛቸው፥ ሲፈታ እንደሚቀጥሩት ቃል ሰጡት። ወጣቱ ተፈቶ ተቀጠረ፤ ቆይቶም የሱቅ ኃላፊ ሆነ። ድርጅቱም ከዚያ ወዲህ በእስር ቤቶች ውስጥ የራሱን ማስተማሪያ አቋቋመ። ከ10 ሠራተኞቹ 1 ያህሉ ቀድሞ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። እኚሁ ነጋዴ በ2024 የአገራቸው የእስር ቤቶች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ልብ በሉ፤ ይህ ድርጅት የሚሠራው የሰው ቤት ቁልፍ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ደንበኞቹ እምነት ቢያጡበት ሥራው ይፈርስ ነበር። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ በጅምላ አይቀጥርም፤ ሰውየውን አነጋግሮ ይመርጣል፥ ያስተምራል፥ ከዚያም ያምናል።

4ኛ. የእኛ ድርሻ

በአገራችን የተፈታ ወጣት በመጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት ተያዥ ማጣት ነው። ገንዘብና ንብረት የሚነካ ሥራ ሁሉ ዋስ ይጠይቃል፤ ታስሮ ለወጣ ልጅ ደግሞ ዘመዱ እንኳ ለመፈረም ያመነታል። ሙያውን አጥንቶ በዚህ ምክንያት ከየበሩ የሚመለስ ወጣት መልሶ ወደ ድሮ ጓደኞቹ ቢሄድ ሊደንቀን አይገባም። የሚጎዳውም ሌሊት ሱቁ የሚሰበረው ነጋዴ ነው። ስለዚህ አባሎቻችን የሚከተሉትን ቢያስቡባቸው መልካም ነው እንላለን።

ሀ) የሚሰጠውን ሙያ ገበያው ይምረጠው። የአካባቢው ነጋዴ የትኛው ባለሙያ እንደ ጎደለው ለማረሚያ ቤቱ ያሳውቅ። በጥቂት መሣሪያ የሚጀመር፥ እንደ ስልክ ጥገና፥ ልብስ ስፌት፥ ዳቦ ጋገራ፥ የቧንቧና የፀሐይ ኃይል መብራት ተከላ ያለ ሙያ ለጀማሪ ይቀላል።

ለ) የሚያስተምር እጅ ይላክ። ከጋራዡ ወይም ከስፌት ቤቱ አንድ የበሰለ ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን ገብቶ ቢያስተምር፥ ከገንዘብ ስጦታ ይበልጣል። መኪና የሚሰጥም ቢኖር የሚሠራውን ይስጥ፤ የተሰበረውን መስጠት መጋዘን ማጽዳት ነው።

ሐ) ወጣቱ እንደ ማንኛውም ተማሪ የሙያ ብቃት ምዘና ይውሰድ። ወረቀቱ ላይ የት እንደ ተማረ ሳይሆን ምን እንደሚያውቅ ይጻፍ።

መ) ከሠራው ሥራ የሚያገኘው ገንዘብ በከፊል ተቀምጦ ሲወጣ ይሰጠው። ከፍ ብሎ የተጠቀሰው የተባበሩት መንግሥታት ደንብም ይህን ይመክራል። መቀስ፥ መርፌና መዶሻ ሳይዝ የወጣ ባለሙያ በባዶ እጁ ወጣ ማለት ነው።

ሠ) ቃሉ ከመፈታቱ በፊት ይሰጥ። ቀጣሪው አስቀድሞ በግቢው ሳለ ያነጋግረው፤ ቀኑን ይቁረጥለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሥራ ጠረጴዛው እንጂ ከገንዘብ ሣጥኑ አያስቀምጠው። እንዲህ ከሆነ የተያዡ ነገር ሥራውን አያሰናክልም።

«ቢሰርቀኝስ?» የሚል አለ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሁሉም ይቃናሉ ብሎ ተስፋ መስጠትም ሐሰት ይሆናል። ከፍ ብሎ የጠቀስነው ጥናት እንኳ የሚመለሱትን ቀነሰ እንጂ አላስቀረም። ነገር ግን ነጋዴ ይህን ዓይነት ሥጋት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ዱቤ ከሰጣቸው ደንበኞች መካከል የማይከፍል አለ፤ በዚህ ምክንያት ዱቤን ፈጽሞ የሚዘጋ ግን ጥቂት ነው። ሰውየውን ያያል፥ በመጀመሪያ ጥቂት ይሰጠዋል፥ በመዝገብ ይጽፋል፤ በቀኑ ሲከፍለው መጠኑን ይጨምርለታል።

ለተፈታ ወጣት የሚሰጠው እምነትም እንደዚሁ ነው። ምጽዋት አይደለም፥ ዓይንን ጨፍኖ መቀበልም አይደለም፤ በልክ የሚሰጥና በሥራ የሚከፈል ዱቤ ነው። ማረሚያ ቤቱ እጁን ሊያስተምረው ይችላል፤ የመጀመሪያውን ደንበኛ ሊሰጠው የሚችለው ግን የገበያው ሰው ብቻ ነው።