መኪናዎን አይፍቷት፤ እየነዱ ይጠግኗት

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የመኪና አምድ አዘጋጅ፣ የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። ባለፈው ጥቅምት እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች፣ አረንጓዴ፣ ሸራ ጣሪያ ያላት ኤምጂ ቢ ገዛሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስመኛት የኖርኩ መኪና ናት። አሁን ግን ሦስት ነገር አሳስቦኛል። ሞተሯ ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ይሄዳል፤ ሲሞቅ ግን ይቆራረጣል። የፊት መብራቶቿ በጣም ደካማ ናቸው። ጎማ ልቀይር በክሪክ ሳነሣት ደግሞ የሾፌሩ በር አልከፈት አለኝ። አንዱ ወዳጄ «እስከ ባዶ ላሜራዋ ድረስ ፈትተህ እንደ አዲስ ገጥማት» ይለኛል። ሌላው «ካርቡራተሮቹን ለውጥና ቀለም አስቀባት» ይላል። እኔ ከዘይት መቀየርና ካንዴላ ከመለወጥ ያለፈ ልምድ የለኝም። ከየት ልጀምር?

ሰ. ተ.፣ ከለንደን

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልኝ ሦስት ምልክቶች የሚያስቸኩለው የመጨረሻው ነው። በክሪክ ስትነሣ በሯ የሚይዝ ኤምጂ ቢ ከበሩ ሥር ያለው ብረቷ ዝጎ አቅም አጥቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህ ሳይመረመር አይንዷት።

ነገሩ ከአሠራሯ የመጣ ነው። ከእርሷ በፊት የነበረችው ኤምጂ ኤ ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበራት፤ ቦዲዋ ከላይ የተጫነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤምጂ ቢ ስትወጣ ሻንሲው ቀረና ቦዲው ራሱ ጭነቱን እንዲሸከም ተደረገ። የብረት ጣሪያ ያላት መኪና ብትሆን ጣሪያውም ያግዛታል። የእርስዎ ግን ሸራ ነው። ስለዚህ የፊቱን ግማሽ ከኋላው ግማሽ ጋር ይዘው የሚኖሩት በዋናነት በሁለቱ በሮች ሥር የሚያልፉት ሣጥን መሰል ብረቶች፣ ማለትም የበሮቹ ደፎች ናቸው። ደፉ ሲበላ መኪናዋ መሐል ላይ ትጎብጣለች፤ በሩም ክፈፉ ውስጥ ይጣበቃል።

ደፉ ከውጭ ሲያዩት አንድ ላሜራ ይመስላል። ውስጡ ግን ድርብርብ ነው፤ የውጭ ላሜራ፣ መሐሉን የሚከፍል ቋሚ ብረት፣ የውስጥ ላሜራ፣ ከታች ደግሞ ሁሉንም የሚያስተሳስር ጠርዝ አለው። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ከደፉ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ቅጠል ይጨመርበታል፤ እንግሊዝ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሲታከልበት ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ለዚህ ነው ዝገቱ በዓይን በሚታይበት ጊዜ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው። ይባስ ብለው ብዙ የቀድሞ ባለቤቶች የበሰበሰውን ሳያወጡ አዲስ ላሜራ ከላይ አልብሰው፣ ስቱኮ ሞልተው፣ ቀለም ቀብተው ይሸጣሉ። ይህ ሰው የሚሳፈርበትን መኪና አደገኛ የሚያደርግ ሥራ ነው፤ ጥገና ሊባል አይገባውም።

ምርመራው ለእርስዎ አይከብድም። መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ ሳለ በበሩና በኋላው ፓራፋንጎ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች ለክተው ይጻፉ። ከዚያ በክሪክ አንሥተው እንደገና ይለኩ፤ ሥሯ ግን አይግቡ። በጤነኛ ቦዲ ላይ ልኩ እምብዛም አይለወጥም። ቀጥለው በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በደፉ ላይ ይጎትቱ፤ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። የዚህች መኪና የፊት ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሠሩ ናቸው። ትዕግሥት ካለዎት አንዱን አውልቀው የደፉን የፊት ጫፍ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ።

ብየዳውን ራስዎ አይሞክሩት። ይህችን ዓይነት መኪና የሚያውቅ በያጅ ይፈልጉና ሥራው ሳይጀመር ሁለት ነገር ይጠይቁት። ደፉ ከመቆረጡ በፊት የበሩን ክፈፍ የሚወጥር የብረት ዘንግ ያስገባል ወይ? መኪናዋስ ክብደቷ በጎማዎቿ ወይም በአክስሎቿ ላይ አርፎ፣ በሮቿ ተገጥመው ነው ወይ የሚሠራው? ለሁለቱም «አዎ» ካላለ ወደ ሌላ ይሂዱ። እንዲሁ በአየር ላይ ተንጠልጥላ ከተበየደች ጉብጠቷ ይጸናል፤ በሩ ከዚያ በኋላ ልክ ሆኖ አይዘጋም። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው እንዲሄድ፣ በየደረጃውም ፎቶ እንዲያነሣልዎ ያስገድዱት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወዳጅዎ ምክር ልምጣ። ሙሉ በሙሉ መፍታቱን እቃወማለሁ። ደፎቹ ከተጠገኑ በኋላ መኪናዋ እየተነዳች፣ አንድ አንድ ሥራ በተራ እየተሠራላት መቆየት አለባት። ልምድ ያልነበራቸው ሰዎች የፈቷቸው፣ ዕቃቸው በካርቶን ተከፋፍሎ ዓመት ከዓመት ጋራዥ ውስጥ የቀሩ መኪኖች ብዙ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ሰነፎች ሆነው አይደለም። ዕቃው የት እንደነበረ ይረሳል፣ ገንዘቡ በመሐል ያልቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪናዋን የመንዳቱ ደስታ ስለሚቀር ልብ ይደክማል። ደግሞም አሥር ነገር ባንዴ የለወጠ ሰው ችግር ሲመጣ ከአሥሩ የትኛው እንዳመጣው አያውቅም። ቦዲዋ ከጥገና ያለፈ ቢሆን እንኳ መፍትሔ አለ፤ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ቅርጽ ማውጫዎች አዲስ የኤምጂ ቢ ቦዲ ይሠራል። ያ ግን ለባለሙያም ትልቅ ሥራ ነው፤ ለእርስዎ የመጀመሪያ ዓመት አይሆንም።

ከደፉ ቀጥሎ ፍሬን ይምጣ። ረጅም ጊዜ የቆመች መኪና ከሆነች የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። የጎማ ቱቦዎቹም ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጡና ፍሬኑን ይዘው አልለቅ ይላሉ። ዕድሜያቸው ካልታወቀ ይለወጡ።

ሞተሩ ሲሞቅ መቆራረጡን በተመለከተ፣ ካርቡራተሮቹን ለጊዜው አይንኩ። ሁለቱ ኤስዩ ካርቡራተሮች ቀላልና ታማኝ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የሚወቅሳቸው ከላይ ስለሚታዩ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሄዶ ሲሞቅ የሚቆራረጥ ሞተር ላይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሳቱን ነው፤ በተለይም ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለውን ኮንደንሰርና ሮተሩን። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። ዛሬ አዲስ ሆነው የሚሸጡ አንዳንድ ሮተሮችና ኮንደንሰሮች ጥራታቸው ከድሮው ያነሰ ነው። መሐላቸው በሪቬት የተመታ ሮተሮች ሲሞቁ እሳቱን በሪቬቱ በኩል ወደ ዘንጉ ያፈሳሉ። ሪቬት የሌለውን ዓይነት ይግዙ። የሚሠራውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ «አዲስ ይሻላል» ብለው አይጣሉት፤ መኪናዋ ውስጥ መጠባበቂያ አድርገው ያስቀምጡት።

የሥራው ቅደም ተከተል አይዛባ። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት፣ ቀጥሎ የኮንታክት ፖይንት ክፍተት፣ ከዚያ የእሳቱ ጊዜ፣ ካርቡራተር መጨረሻ። የቫልቩ 0.015 ኢንች ነው፤ የኮንታክቱም እንዲሁ 0.015 ኢንች ገደማ። ካርቡራተሩ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የጉልላቱን ክዳን ከፍተው ቀጭን ዘይት መኖሩን ይዩ፤ ደርቆ ከሆነ ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ ያመነታል። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የአንዱን ካርቡራተር ፒስተን ማንሻ በጣም በጥቂቱ፣ 1 ሚሊሜትር ለማይሞላ ያህል ወደ ላይ ይግፉ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ነዳጅ በዝቷል፤ ከደከመ አንሷል፤ ለቅጽበት ብቻ ፈጠን ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። ጆሮዎ በአንድ ቅዳሜ ይለምደዋል፤ ከዚህች መኪና ጋር የሚያፋቅረው ሥራም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመብራቱን ድካም ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎቿን በሠራው በሉካስ ኩባንያ ያሳብባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሽቦዎቹ የተሠሩበት የቀለም ሥርዓት ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይነበባል፤ ጥቁር ግራውንድ ነው፣ ቡናማ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ነጭ ቁልፍ ሲዞር የሚነቃ፣ አረንጓዴ በፊውዝ ያለፈ፣ ሰማያዊ የፊት መብራት ነው። የሚበላሸው የዛጉ ማያያዣዎች ናቸው። በእርስዎ መኪና ላይ ደግሞ የፊት መብራቱ ሙሉ ኃይል በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል ነው የሚያልፈው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ ከዚያ በመብራቱ ጀርባ ያለውን ይለኩ። ባትሪው ላይ 14 ቮልት፣ መብራቱ ላይ 12 ካገኙ 2 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። የግራውንድ ማያያዣዎቹን በሸካራ ወረቀት ያጽዱ፤ ካልበቃ ኃይሉን በማብሪያው ሳያሳልፍ ለመብራቱ የሚያደርስ ሪሌ ያስገቡ፤ ማብሪያውም ያርፋል። ከመቀመጫው ኋላ ያሉትን ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎችና የሚያገናኛቸውን ሽቦ አይርሱ። የተቀመጡበት ሣጥን ከሥር የመዝገት ልማድ አለው።

ነዳጅ ሲቀዱ ውዱን ሱፐር ይምረጡ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ የድሮውን የጎማ ቱቦ ያፈርሳል። ዕድሜው ያልታወቀ የነዳጅ ቱቦ ሁሉ ኢታኖል በሚችል ይለወጥ፤ በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መንጠባጠብ ቃጠሎ ነውና። ሊድ ያለበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ከገበያ ወጥቷል፤ ሊዱ የቫልቭ መቀመጫውን ይጠብቅ ስለነበር፣ ቴስታታው ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ገብቶለት እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ። የማያውቅ ከሆነ የቫልቩ ክፍተት ይነግርዎታል። ባስተካከሉት ቁጥር እየጠበበ የሚመጣ ክፍተት መቀመጫው እየሰመጠ መሆኑን ያሳያል።

መሣሪያን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሚሊሜትር ቁልፍዎን ያስቀምጡት። የዚህች መኪና ብሎኖች በአብዛኛው በኢንች ናቸው። 13 ቁልፍ ግማሽ ኢንች ብሎን ላይ ሊገባ ይችላል፤ ግን 0.3 ሚሊሜትር ሰፊ ስለሆነ የዛገውን ራስ ማዕዘን ያዶለዱመዋል። 7/16፣ 1/2 እና 9/16 ኢንች ቁልፎች አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። አንድ የግራሶ ፓምፕም ይግዙ፤ የፊት እግሮቿ ላይ በየጎኑ ሦስት ሦስት የግራሶ ጡቶች አሉ፤ በየ3,000 ማይሉ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲቀባ መሪው ቀላል እንደሆነ ይቆያል።

ስለ ወረቀቱ አልጠየቁኝም፤ ለንደን ስለሚኖሩ ግን ልንገርዎ። 40 ዓመት ያለፋት መኪና በባለቤቷ ማመልከቻ በታሪካዊ የታክስ መደብ ስትመዘገብ የመንገድ ታክስም የዩሌዝ (የአየር ብክለት) ክፍያም አይጠየቅባትም። የመሐል ከተማው የመጨናነቅ ክፍያ ግን ይቀጥላል። ብዙ ካልተለወጠች ዓመታዊ የኤምኦቲ ምርመራም ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ደፎቹ ከተበየዱ በኋላ በፈቃድዎ እንዲያስመረምሯት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ብየዳውን ያልሠራ ሌላ ዓይን ያያታል። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው ኤምጂ ካር ክለብና በ1973 የተቋቋመው ኤምጂ ኦነርስ ክለብ አባላት መካከልም ታማኝ በያጅ የሚጠቁምዎ አያጡም። ቀለሙ ከሁሉ በኋላ ይምጣ።

የበሩን ክፍተት ከክሪኩ በፊትና በኋላ ለክተው ቁጥሮቹን ይላኩልኝ።