ከትርፍ ሰዓት ወደ ሙሉ ሰዓት፤ ከአንድ ኳስ ተጫዋች ዝውውር የምንማረው



በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ላይ ከሚሰለፉት መካከል ብዙዎቹ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ወደ ታክሲያቸው፣ ወደ ሱቃቸው ወይም ወደ ቢሮአቸው የሚመለሱ ናቸው። ኳሱ የትርፍ ጊዜ ነው፤ እንጀራው ሌላ ነው። በንግዱም በኩል ቀን ተቀጥሮ ማታ ታክሲ የሚነዳ፣ ወይም ሱቁን ለባለቤቱ ትቶ ሆቴል ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወገናችን ጥቂት አይደለም። «ደመወዙን ትቼ በራሴ ሥራ ብቻ የምቆመው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳል። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ እንግሊዛዊ ኳስ ተጫዋች ታሪክ እናጠናዋለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጄሚ ቫርዲ በ1987 ሼፊልድ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ያሳደገው ክለብ ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አሰናበተው። ከዚያም ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ በተባለ ትንሽ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው መጫወት ጀመረ። በ30 ፓውንድ ኑሮ አይገፋም። ስለዚህ ለተጎዳ እጅና እግር መደገፊያ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር።

በ2010 ወደ ሃሊፋክስ ታውን ተዛወረ። በዚያ የውድድር ዘመን ክለቡ የምድቡ ሻምፒዮን ሲሆን ከቡድኑ ብዙ ጎል ያገባው እሱ ነበር። በኦገስት 2011 ደግሞ በአምስተኛው እርከን የሚጫወተው ፍሊትውድ ታውን አስፈረመው። ኳስ ሙሉ ሥራው የሆነው በዚህ ዝውውር ነው፤ ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። በአንድ የውድድር ዘመን 31 የሊግ ጎል አገባ። በሜይ 2012 ሌስተር ሲቲ በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በጊዜው ከእንግሊዝ አራቱ የፕሮፌሽናል እርከኖች በታች ለሚጫወት ሰው ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ከዚህ ታሪክ አራት ትምህርት እንውሰድ።

1ኛ. በደረጃ መውጣት። ቫርዲ በመጀመሪያ ደመወዙን ጥሎ ዕድሉን የሞከረ ሰው አይደለም። ኳሱን በትንሹ ክለብ ፈተነው፤ ከፍ ባለው ደገመው፤ ጎሉ በቁጥር ከታየ በኋላ ሙሉ ሰዓት የሚከፍል ክለብ መጣ። እርስዎም ሥራዎን ከመልቀቅዎ በፊት ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት ገቢና ወጪ በመዝገብ ይያዙ። የአንድ ጥሩ ወር ገቢ ማስረጃ አይሆንም፤ የታክሲም የሱቅም ገቢ ክረምትና በጋ አንድ አይደለም።

2ኛ. ክለቡም ተጫዋቹም እርስዎ ነዎት። ይህ ብዙዎቻችን የምንስተው ነው። ቫርዲ «ፕሮፌሽናል» ሲሆን ያው ተቀጣሪ ነበር። ወጌሻውን የሚያቀርበው፣ ታክሱን ከደመወዙ ቆርጦ የሚያስገባው ክለቡ ነው። እርስዎ ግን ሥራ ሲለቁ ይህ ሁሉ በራስዎ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

እኔ የፓርኪንግ ሥራዬን ለቅቄ ታክሲ በገዛሁ ጊዜ በእጄ የሚገባው ገንዘብ ከደመወዜ ስለበለጠ ደስ ብሎኝ ነበር። ኤፕሪል 15 ሲደርስ ግን ዓመቱን ሙሉ ከገቢዬ ታክስ የሚቆርጥልኝ ሰው እንዳልነበረ ገባኝ። ያንን ዕዳ ከፍዬ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ስለዚህ በአሜሪካ የምትኖሩ ይህን ልብ በሉ። በግል ለሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር ታክስ 15.3 በመቶ ነው፤ ተቀጣሪ ሳሉ ግማሹን ይከፍል የነበረው አሠሪዎ ነው። የገቢ ታክሱ ከዚህ ሌላ ነው። ክፍያው በዓመት አራት ጊዜ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 ለአይ.አር.ኤስ. ይላካል። የጤና ኢንሹራንስም አለ። አሠሪዎ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ ኮብራ በሚባለው ሕግ የቀድሞ ኢንሹራንስዎን ሙሉ ዋጋውን ራስዎ እየከፈሉ ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ወር መቀጠል ይችላሉ። በመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ ለመግባት ከፈለጉ ደግሞ ሽፋንዎ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ 60 ቀን አለዎት። ቀኑን አያሳልፉ።

3ኛ. የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል። ቫርዲ በሌስተር የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ በሊጉ ያገባው 4 ጎል ብቻ ነበር። ኳስ ለመተው እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። አሠልጣኙ ናይጄል ፒርሰን «እናምንብሃለን» ባይሉት ምናልባት እዚያው ባበቃ ነበር። በሚቀጥለው ዘመን 16 ጎል አግብቶ ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ፤ በ2016 ደግሞ 24 ጎል አግብቶ ሌስተር የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። እርስዎን የሚታገሥ አሠልጣኝ የለም። የሚታገሥዎት ያስቀመጡት ገንዘብና አብሮዎት የመከረው ቤተሰብ ነው። ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ወጪ ሳይዙ፣ ከባለቤትዎም ጋር ሳይስማሙ አይነሡ።

4ኛ. ወረቀትዎ ይፈቅዳል ወይ? ቫርዲ በገዛ አገሩ ስለተዛወረ የሥራ ፈቃድ አላስፈለገውም። በፒ ዋን ቪዛ አሜሪካ ገብቶ የሚጫወት የውጭ አገር ፕሮፌሽናል ግን ፈቃዱ ከክለቡ ጋር የታሰረ ነው። ወደ ሌላ ክለብ ቢሸጥ የመሥራት መብቱ የሚቀጥለው ለ30 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲሱ ክለብ ማመልከቻ ካላስገባ ይቋረጣል። በኤች ዋን ቢ ተቀጥረው የሚሠሩም እንዲሁ በአሠሪያቸው የታሰሩ ናቸው፤ ሥራቸውን ለቀው ታክሲ ላይ ቢወጡ ሕጋዊ መኖሪያቸውን ያጣሉ። ግሪን ካርድ ያለውና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ግን ለራሱም ለሌላም መሥራት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳይዎ ገና በመታየት ላይ ከሆነ የሥራ ፈቃድ ካርድዎ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ከተጠራጠሩ የስንብት ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

የቤት ሥራ፤ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንድ ወገን አሠሪዎ የሚሰጥዎትን ሁሉ፣ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የዕረፍት ቀን፣ የታክስ ግማሽ፣ በዋጋ ይጻፉ። በሌላው ወገን የራስዎ ሥራ ባለፈው ዓመት ወጪው ተነሥቶ የተረፈውን ያስፍሩ። ሁለተኛው ወገን እስኪበልጥ ድረስ ፋብሪካውንም ኳሱንም አይልቀቁ። ሲበልጥ ግን አይፍሩ፤ ይፈርሙ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።