የኤሊ ቀለብ ከጓሮ

አዳማ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ የምትኖር ኤሊ አለች። ጀርባዋ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ነው። ቡና ሲፈላና በተጎዘጎዘው ሣር ላይ ፈንዲሻ ሲበተን፣ ከማገዶው ክምር ጀርባ እየተጎተተች ትመጣና አንድ በአንድ ትለቅማለች። እንግዳው ይደሰታል፤ ልጆቹ «በላች! በላች!» እያሉ ይጨምሩላታል። እኔም በልጅነቴ ስጨምርላት ኖሬያለሁ። ለእሷ የተፈጠረው ምግብ ከፈንዲሻው ሥር የተጎዘጎዘው ሣር መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ለምን ሣር? መልሱ ሆዷ ውስጥ ነው። ኤሊ ጥርስ የላትም፤ በስለታም መንጋጋዋ እየቆረጠች ትውጣለች። ላም ሣሩን ገና ከመነሻው በጨጓራዋ ስታብላላ፣ ኤሊ ግን እንደ ፈረስ እስከ ትልቁ አንጀቷ ድረስ ታቆየዋለች። እዚያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሰሩን ቀስ ብለው ያፈርሱታል፤ ከእነሱ ሥራ የሚገኘው ኃይል ነው የሚያኖራት። የበላችው እስኪወጣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። እንዲህ ዝግ ብሎ በሚሠራ ሆድ ውስጥ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ሙዝ ወይም ብስኩት ሲገባ፣ ስኳሩና ስታርቹ ቶሎ ይፈላል። ተሕዋስያኑ ይዛባሉ፤ ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይይዛታል። ለከብት የሚገዛው ፉርሽካና ፋጉሎም ለእሷ አይሆንም።

እንግዲህ ዋናው ቀለብ ሣር ይሁን፤ ከምትበላው ሁሉ ሦስት አራተኛው ያህል። ሰርዶ በጣም ጥሩ ነው። አንዴ መሬት ከያዘ ቢረገጥም ቢጋጥም መልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ጥቂት ሰርዶ የተከለ ሰው የኤሊውን የዓመት ቀለብ ግማሽ አገኘ ማለት ነው። በዚያ ላይ የዱባ ቅጠልና የስኳር ድንች ቅጠል ይታከልበታል። ጎመንም አልፎ አልፎ ይሰጣል። ሰላጣ ውኃ ነው፣ ብዙም አይጠቅማት። መጠኑን ለመገመት ቀላሉ መንገድ የጀርባዋን ስፋት ማየት ነው፤ በቀን የዚያን ያህል ቁልል ይበቃታል። ከመንገድ ዳር ወይም መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ግን አትጨዱ።

በበጋ ሣር ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ገበሬው ለከብቱ የሚያደርገውን ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሣሩ ገና ለምለም ሳለ አጭዶ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ እያገላበጡ ማድረቅ፣ ከዚያ አየር በሚገባው ጆንያ ማስቀመጥ። ሻጋታ ከሸተተ ይጣል። ኤሊዋ መጀመሪያ ላይ ደረቁን ልትንቀው ትችላለች። ያኔ ሁለት ጣት በማይሞላ ርዝመት በመቀስ እየቆረጣችሁ፣ ውኃ እረጭ አድርጋችሁ ከምትወደው ቅጠል ጋር አሹት። ቅጠሉን በየሳምንቱ መቀነስ ነው። አክስቴ ይህን ለማስለመድ ወር ፈጅቶባታል፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ቁልቋል በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ስሙ ያሳስታል። በአገራችን ቁልቋል ስንል ሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ ተክሎችን እንጠራለን። አንደኛው ፍሬው የሚበላው በለስ ነው። ለጋውን የበለስ ቅጠል እሳት ላይ ለብለብ አድርጎ እሾሁንና ደቃቁን ጠጉር ማቃጠል፣ ከዚያ መቆራረጥ ነው። በድርቅ ወራት ውኃም ካልሲየምም የሚሰጥ፣ ዋጋውም ከምንም የማይቆጠር ምግብ ነው። ሁለተኛው ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ረጅሙ ቁልቋል ነው፤ ወተቱ መርዝ ነው፣ ዓይንን ያቃጥላል። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብም የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ ቆርጣችሁ ተመልከቱ፤ ነጭ ከፈሰሰ አይሰጥም። የወፍ ቆሎ፣ ጉሎ፣ አስተናግርና የአቮካዶ ቅጠልም ከምትደርስበት ቦታ ይራቁ።

አባቶች ልብሰ ድንጋይ ቢሏትም ጀርባዋ የተሠራው ከአጥንት ነው። አጥንት ደግሞ ካልሲየም ይፈልጋል። በዱር ያሉት አሮጌ አጥንትና የጅብ ኩስ ሳይቀር የሚቆረጥሙት ለዚሁ ነው። ቆስጣ ለምለም ቢመስልም በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀርባታል፤ በየቀኑ አይሰጥ። ማሟያውን ከፋርማሲ መግዛት ግዴታ አይደለም። የእንቁላል ቅርፊት አጥቦ፣ ምጣድ ላይ አመስ አድርጎ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም መውቀጥ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቁንጥር እያደረጉ ሣሩ ላይ መነስነስ ይበቃል። ካልሲየሙ ሥራ ላይ እንዲውል ግን ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እሱን የምታገኘው ከፀሐይ ነው። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ያንን አይሰጥም፤ ውጭ መዋል አለባት።

ጀርባቸው እንደ ጉብታ እየተቆለለ የሚያድግ ኤሊዎችን ያየ ሰው ጥፋቱን ወደ ፕሮቲን ብቻ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኦስትሪያ ውስጥ በአንድ ትልቅ የአፍሪካ ኤሊ ዝርያ ጫጩቶች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ዋናውን ምክንያት በአየር ድርቀት ላይ አገኘው። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳሕን ዘወትር ይኑር፤ ትንንሾቹን ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ለብ ባለ ውኃ፣ ከአገጫቸው በታች እስኪደርስ ብቻ፣ መዘፍዘፍ ነው። ከሽንቷ ጋር የሚወጣውን ነጭ ነገር ተመልከቱት፦ እንደ እርጎ ከለሰለሰ ደህና ነው፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ ውኃ ጠምቷታል።

ይህ ሁሉ በቤት ላሉት ነው። ልጆች ከሜዳ ያነሱትን ኤሊ ወደ ቤት ማምጣት አይገባም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ከዱር መውሰድን ከልክሏል። ካነሱበት ቦታ ይመልሱት።

የመመገቢያ ቦታም ያስፈልጋል። አፈርና አሸዋ ከምግቡ ጋር ከተዋጠ አንጀት ይዘጋል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ግን ንጹሕ ነው፣ መንጋጋዋንም ይሞርድላታል። አክስቴ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከጓሮው በምሥራቅ በኩል አስቀምጣለች። ብርድ ላይ ኤሊ ምግብ አታብላላም፤ የበላችው ሆዷ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ በክረምት ጠዋት አክስቴ ሣሩን ይዛ ትወጣና መጀመሪያ መዳፏን ድንጋዩ ላይ ታሳርፋለች። ካልሞቀ፣ ሣሩን መልሳ ትገባለች።