የሚጠብቅ ዓይንና የሚሸፍን ሸማ

ልጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባ በመርካቶ ገበያ ውስጥ ሸማ ተራ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙንም ያገኘው ከሚሸጥበት ልብስ ነው። ነጠላ፥ ኩታ፥ ጋቢ፥ ቡልኮ ሁሉ ሸማ ይባላሉ። የሸማም ሥራው ሁለት ነው፤ ሰውን ከብርድ ይጠብቃል፥ ገላውንም ይሸፍናል።

ቀድሞ ገበያውን የሚጠብቀው ዘበኛ ብቻ ነበረ። ዛሬ ግን በብዙ ሱቅ በርና በመንገድ ዳር ካሜራ ተሰቅሏል። ካሜራ የማይተኛ ዓይን ነው፤ በፊቱ የሚያልፈውን ሁሉ ቀርጾ ያኖራል። ዘበኛ ያየውን ይረሳል፤ ካሜራ ግን ያየውን ካልሰረዙበት አይረሳም።

ጥቅም የለውም አንልም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ በተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎች ንብረት ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ጥፋት ያየ ሰው ጠባቂ ዓይን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን መጠበቅ ሌላ ነው፥ የሰውን ገበና መግለጥ ሌላ ነው። ይህንም በምሳሌ እንመልከት።

አንድ የሸማ ነጋዴ ነበረ እንበል። ሌባ አንድ ጣቃ ስለ ሰረቀው በሱቁ በር ላይ ካሜራ አሰቀለ። ሌባውም ሁለተኛ በመጣ ጊዜ በካሜራው ታየና ተያዘ፤ ነጋዴውም ደስ አለው። በክረምት አንድ ቀን ፈትል የሚሸጡ አንዲት እናት በዚያ በር ሲያልፉ ጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ፤ ልብሳቸውም ተገለጠ። በአጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ፈጥነው አነሡአቸው፥ ነጠላቸውንም አለበሱአቸው። ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። የነጋዴው ልጅ ግን ካሜራው የቀረጸውን ሥዕል በስልኩ ወስዶ ለሣቅ ብሎ ለባልንጀሮቹ ላከው፤ እነርሱም ለሌሎች ላኩት። በሳምንቱ እኒያ እናት ፈትላቸውን ይዘው ቢመጡ የገበያው ሰው እያያቸው ሣቀ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ከሸማ ተራ ቀሩ፤ እንጀራቸውም ጐደለ።

ነጋዴው ይህን በሰማ ጊዜ ልጁን ጠርቶ፥ «ሌባው ከእኔ የወሰደው ጣቃ ነው፤ አንተ ከእኒህ እናት የወሰድኸው ግን ክብራቸውን ነው። ጣቃ በገንዘብ ይተካል፤ ክብርን በምን ትተካለህ?» አለው። ልጁም አለቀሰ፥ ሥዕሉንም ሰረዘ። በሰው ሁሉ እጅ የገባውን ግን መሰረዝ አልቻለም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና። አባትና ልጅ ሽማግሌ ይዘው ሄደው ማሩን አሉ። እናቲቱም ማሩአቸው፤ ወደዚያ ገበያ ግን አልተመለሱም። ነጋዴውም ካሜራውን ከመንገዱ መልሶ የራሱን በር ብቻ እንዲያይ አደረገው፤ የተቀረጸውንም ከእርሱ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ቆለፈው።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው ካም የአባቱን የኖኅን ገበና አይቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ ይዘው የኋሊት እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑ። እንግዲህ ገበናን አይቶ ማውራት የካም ሥራ ነው፤ መሸፈን ግን የሴምና የያፌት ነው።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ ጋራ ይስማማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ሁሉ የግል ሕይወቱ እንዲከበር ያዛል፤ ባለሥልጣንም ቢሆን ሕግ ሳይፈቅድለት ሊደፍረው አይችልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ሰው የተሰበሰበ ነገር ለታወቀ ምክንያት ብቻ እንዲሠራበት ያዛል። ለሌባ የተሰቀለ ካሜራ ለመሣለቂያ አይሆንም ማለት ነው። ይህ ለባለ ሱቅ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በመንገድ ዳር ካሜራ የሚተክልም ሁሉ ያስብበት። ዓይኑ የበዛ ሰው ሸማውም ሊሰፋ ይገባዋልና።

ልጆች ሆይ፤ የወደቀ ሰው ብታዩ አስቀድማችሁ አንሡት፥ ሸፍኑትም እንጂ ሥዕሉን አታንሡ። ቢልኩላችሁም ለሌላ አታሳልፉ። ዛሬ የባልንጀራውን ገበና የሸፈነ፥ ነገ እርሱ ሲወድቅ የሚሸፍነው ያገኛል።

ጥያቄ።
1. የሸማ ሁለቱ ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?
2. ልጁ ሥዕሉን ከሰረዘ በኋላ ጥፋቱ ስለ ምን አልጠፋም?
3. ነጋዴው ካሜራውን ፈጽሞ ስለ ምን አላወረደውም?